የቦቢ በር፦ ስለ አንድ ቤትና ስለ አንድ ቀዳዳ

ጥቅምት ወር ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ ሰው ገብቷል። ኩሽና ውስጥ ነው» አለችኝ። ከኋላ የቦቢ ጩኸት ይሰማል። ቦቢ ዝም ብሎ የሚጮህ ውሻ አይደለም። ልጁን ይዛ መኝታ ቤት እንድትገባ፣ በሩን እንድትቆልፍና 911 እንዲደውሉ ነገርኳት። ከዚያ ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ።

የእህቴ ቤት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከእኔ ቤት አሥር ደቂቃ ቢርቅ ነው። እህቴ ነርስ ናት። ከማታ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋት አንድ ሰዓት ትሠራለች። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ያሉት እማዬ፣ የአሥራ አራት ዓመቱ የእህቴ ልጅና ቦቢ ብቻ ናቸው። ስደርስ ፖሊሶቹ ቀድመውኛል። ሌባ አላገኙም። ያገኙት ራኩን ነው። ራኩን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከድመት ተለቅ ያለ፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል የለበሰ የሚመስል አውሬ ነው። የፊት እግሩ እንደ ሰው እጅ ጣት አለው። በዚያ ጣቱ የውሻውን በር ገፍቶ ገብቶ፣ ከቦቢ ሳህን ሲበላ ቆይቶ፣ በገባበት ወጥቷል። እኔ ስደርስ የጎማው መጋረጃ በነፋስ ይወዛወዛል። ወለሉ ላይ ትንንሽ የጭቃ እጆች ታትመዋል። ቦቢ አፍንጫው ላይ ተቧጭሯል።

ይህን የምጽፈው የዚያ ሌሊት ነገር ስላስደነገጠኝ ብቻ አይደለም። ሥራዬ የቤት ጥገና ነው። በር እቆርጣለሁ፣ መስኮት እተክላለሁ። ሆኖም ያንን የውሻ በር ለአንድ ዓመት ያህል እየገባሁና እየወጣሁ አይቼው፣ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ አልመረመርኩትም። ከዚያ ሌሊት በኋላ ግን ጉዳዩን ከሥር ጀምሬ ያዝኩት። የሠራነውን፣ የተውነውንና ለምን እንደተውነው በሙሉ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ የውሻው ነገር። በማግስቱ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። እማዬ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። እሷ ያደገችው ያበደ ውሻ የነከሳቸው ሰዎች አዲስ አበባ ፓስተር ድረስ እየተመላለሱ ለብዙ ቀን መርፌ ሲወጉ እያየች ነው። ፍርሃቷ ትክክል ነበር። አገር ቤት የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ሰው የሚያመጣው በአብዛኛው ውሻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2007 እንደጠፋ ታውጇል። በዱር እንስሳት ላይ ያለው ግን አልጠፋም። በምሥራቁ ክፍል፣ ሜሪላንድን ጨምሮ፣ ዋናው ተሸካሚ ራኩን ነው። ቦቢ ክትባቱ አልተቋረጠም ነበር፤ ስለዚህ ወዲያውኑ ማጠናከሪያ ተወጋና 45 ቀን ቤት ሆኖ ክትትል እንዲደረግለት ተባለ። ክትባቱ ባይኖር ኖሮ ነገሩ ከባድ ነበር። የወራት ኳራንቲን፣ ወይም እስከ መግደል የሚደርስ ውሳኔ ነው የሚጠብቀው። ከውሻ በር በፊት ክትባት ይቀድማል የምለው ለዚህ ነው። በር ያለው ውሻ ማለት ከማን ጋር እንደሚገናኝ የማናውቀው ውሻ ነው።

ከዚያ ወደ ቤቱ እንምጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። የውሻው በር ያለው የኩሽናው የኋላ በር ላይ ነው። እህቴ በሰው በሰው ያገኘችው ሠራተኛ ነው የቆረጠላት። ክፍቱን ለካሁት። ወርዱ 34 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 58። ከሱቅ ከሚገኙት ትልቁን መጠን ነው የገጠመው። ሰውየው «ትልቅ ይሻላል፣ ውሻው አይጨናነቅም» ብሏት ነበር። ቦቢ 29 ኪሎ ነው። ይህ ቀዳዳ ግን ከእሱ በእጥፍ ለሚከብድ ውሻም ይበቃል።

የእህቴን ልጅ «እስቲ ሞክር» አልኩት። እጁን አስቀደመ፣ ጭንቅላቱን አስገባ፣ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ሆነ። ከዚያ እኔ ሞከርኩ። 82 ኪሎ ነኝ። በጎኔ ተኛሁና ትከሻዬን ሰያፍ አድርጌ ገባሁ። ሆዴ ላይ ትንሽ ያዘኝ እንጂ አልከለከለኝም። እማዬ ወንበሯ ላይ ሆና ስታየን ነበር። ምንም አላለችም። ነጠላዋን ሰብስባ ትከሻዋ ላይ አደረገች።

ሁለተኛው ሙከራ የባሰ ነው። ወደ ውጭ ወጣሁና በሩ ተቆለፈ። መሬት ላይ ተንበርክኬ አንድ እጄን ብቻ በቀዳዳው አስገብቼ ወደ ላይ ዘረጋሁ። ከቀዳዳው አናት እስከ ዴድቦልቱ፣ ማለትም ያ ከውስጥ በጣት የሚዞረው ዋና መቆለፊያ ድረስ፣ 46 ሳንቲ ሜትር ነው። የእኔ ክንድ ከብብቴ እስከ ጣቴ 70 ይሆናል። አገኘሁት። አዞርኩት። ቀጭ አለ። በሩ ተከፈተ። ማለትም ሌባ ራሱ በቀዳዳው መሹለክ እንኳ አያስፈልገውም። እጅ ካለው ይበቃዋል።

እማዬ «ታዲያ ከውስጥም በቁልፍ የሚቆለፍ አድርገው» አለችኝ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው። አላደርገውም አልኳት። ከውስጥ በቁልፍ ብቻ የሚከፈት በር እሳት ሲነሳ ወጥመድ ነው። በጭስ ውስጥ፣ በጨለማ፣ አንዲት ጉልበቷን የሚያማት ሴት ቁልፍ ስትፈልግ ማሰብ አልፈልግም። በብዙ ቦታም ለመኖሪያ ቤት መውጫ በር ደንቡ አይፈቅደውም። ከሌባ ለመዳን ብለን እሳት ውስጥ የሚዘጋብን በር አንሠራም።

ሌላም አየሁ። የፍሬሙ ብሎኖች ጭንቅላታቸው ወደ ውጭ ነው። አንድ ካቻቢቴ ያለው ሰው በሦስት ደቂቃ ሙሉውን ፍሬም አውልቆ ያስቀምጠዋል። መጋረጃው ከሥሩ በትንሽ ማግኔት ብቻ ነው የሚያዘው። ማግኔቱ ነፋስ እንዳያወዛውዘው ነው እንጂ አውሬ እንዲከለክል አልተሠራም። የቦቢ የምግብ ሳህን ደግሞ ከበሩ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ። ራኩን የምግብ ሽታ ተከትሎ ነው የሚመጣው። ጠርተን አስገባነው ማለት ይቻላል።

ያን ቀን የኩሽናውን በር ቀዳዳ በወፍራም ፕላይውድ ከውስጥ ዘጋሁት። ቦቢ ለጊዜው በሰው እጅ መውጣትና መግባት ጀመረ። ችግሩም እዚያው ታየ። እማዬ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ተነስታ ትከፍትለታለች። ጉልበቷ አልቻለም። የውሻው በር ቅንጦት እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። እህቴ ቀን ትተኛለች፣ ልጁ ትምህርት ቤት ነው፣ በሩን የምትከፍተው እማዬ ናት። ስለዚህ ጥያቄያችን «በር ይኑር ወይስ አይኑር» አልነበረም። የት ይሁን፣ ምን ዓይነት ይሁን ነው።

ልኬቱ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የውሻ በር እንደ ሰው በር በሙሉ ቁመት አይለካም። ውሻ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያልፈው። ሦስት ነገር ይለካል። አንደኛ፣ የትከሻው አናት ከወለሉ ስንት ነው። ሁለተኛ፣ ደረቱ ወይም ዳሌው፣ ሰፊው የትኛው ነው። ሦስተኛ፣ ሆዱ ከወለሉ ስንት ይርቃል። ቦቢ ትከሻው 57፣ ደረቱ 23፣ ሆዱ 30 ነው። ወርዱ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ይጨመራል። አናቱ ከትከሻው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የታችኛው ደፍ ከሆዱ ዝቅ ይበል። እኛ ደፉን 20 ላይ አደረግነው፤ ምክንያቱም ቦቢ ስምንት ዓመቱ ነው። እያረጀ ሲሄድ እግሩን ብዙ ማንሳት አይችልም። የወጣው ክፍት 28 በ40 ነው።

ከመግዛታችን በፊት ትልቅ የካርቶን ሳጥን አመጣሁና በዚያው ልክ ቆረጥኩት። ቦቢ ጥብስ እያሸተተ ሦስት ጊዜ አለፈ። ትከሻውም ሆነ ጀርባው አልነካም። ከዚያ የእህቴን ልጅ ጠራሁት። ቀጭን ልጅ ነው። እየተጠማዘዘ፣ እየሳቀ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ፈጅቶበት አለፈ።

ይህ ልጅ በካርቶን ሲያልፍ ነው ዋናው ነገር የገባኝ። ትንሽ ውሻ ወይም ድመት ያለው ሰው ቀዳዳውን በማጥበብ ሰውን መከላከል ይችላል። 29 ኪሎ ውሻ ያለው ሰው ግን አይችልም። ለቦቢ የሚበቃ ቀዳዳ ለቀጭን ሰው ይበቃል። ስለዚህ የሚያድነን የበሩ ዓይነት ብቻ ሊሆን አይችልም። በሩ የሚገኝበት ቦታ ነው። አንድ ሰው ቢገባስ ወዴት ነው የሚገባው? ከዚያ ቀጥሎ ምን ያጋጥመዋል? ሱቅ ሄዶ ሳጥን ከማንሳት በፊት ይህ መመለስ አለበት።

ምርጫዎቹ

ያም ሆኖ ያሉትን ዓይነቶች ሁሉ አይተናል። እህቴ ከሥራ ስትመለስ ሶፋው ላይ ሆና ስልኳን እያሳየችኝ «ይሄስ? ይሄስ?» ትለኛለች።

በጣም የወደደችው በማይክሮቺፕ የሚከፈተውን ነው። ቦቢ ቆዳው ሥር ቺፕ አለው። ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ነው፣ በ134.2 ኪሎ ኸርዝ ይነበባል። በሩ ያንን ቁጥር ሲያነብ ብቻ ይከፈታል። ራኩን ቺፕ የለውም። ሐሳቡ ግሩም ነው። ችግሩ ቺፑ ባትሪ የለውም፤ የሚነበበው በጣም ከቀረበ ብቻ ነው። ስለዚህ እነዚህ በሮች ጠባብ ሆነው ነው የሚሠሩት። የታወቀው የሹርፍላፕ ቺፕ በር ክፍቱ 17 በ18 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ለድመትና ለትንሽ ውሻ ነው። ትንሽ ውሻ ካላችሁ ሌላ አትፈልጉ ብዬ እመክራለሁ። ቦቢ ግን ጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚገባለት።

ቀጥሎ ያየነው ፔትሴፍን የመሳሰሉ ድርጅቶች የሚሠሩትን ባለ ሬድዮ ቁልፍ ነው። ቁልፉ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሲቀርብ መቆለፊያው ይለቃል፣ ሲርቅ ይቆለፋል። ለትልቅ ውሻ የሚሆን አለ። እዚህ ላይ ግን የቦቢን ጠባይ ማወቅ አስፈለገ። ቦቢ የሚተኛው በር ሥር ነው። እንዲህ ዓይነቱ በር ውሻው ውስጥ ይሁን ውጭ አይለይም፤ ቀረብ ብሎ ከተኛ መቆለፊያው እንደተለቀቀ ያድራል። ማለትም ሌሊቱን ሙሉ ክፍት። በዚያ ላይ ባትሪ ሲያልቅ ወይ ውሻው ውጭ ይቀራል፣ ወይ በሩ አይቆለፍም። ውሻው ከበር ርቆ የሚተኛ ከሆነ ይህ ዓይነት መጥፎ አይደለም።

በሞተር ወደ ላይ የሚነሳም አለ። ፓወር ፔት የሚባለው የታወቀ ነው። ውሻው ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ሲመጣ ወደ ላይ ይከፈታል፣ ሲወርድ ራሱን ይቀረቅራል። ጠንካራ ነው። እኔ እሱን ብመርጥ ደስ ይለኝ ነበር። ዋጋው ከበድ ይላል፣ ሶኬት ይፈልጋል፣ ድምፅም አለው። እማዬ ድምፁን በቪዲዮ ሰማችውና «ሌሊት ይህ ሲጮህ ሌባ ነው ውሻ ነው እያልኩ ልቤ ይቁም?» አለች። ሌሊት ብቻዋን የምታድረው እሷ ናት። ቃሏ ከእኔ ምርጫ በላይ ነው።

ተከራይ ለሆኑ ወዳጆቼ አንድ ነገር። ተንሸራታች የመስታወት በር ላይ የሚገጠም፣ የውሻ በር ያለው ረጅም ፓኔል ይሸጣል። ቤት ሳይቆረጥ ይገባል፣ ስትለቁ ይወጣል። ነገር ግን እሱን ስታስገቡ የመስታወት በሩ የራሱ መቆለፊያ ቦታውን ይስታል። ሐዲዱ ላይ በልኩ የተቆረጠ ጠንካራ ዱላ ወይም ብረት ካላስቀመጣችሁ በሩ በእጅ ይከፈታል። መስታወቱን ራሱን እናስቆርጥ ደግሞ አትበሉ። የእነዚህ በሮች መስታወት በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ሊቆረጥ ሲሞከር ብትንትኑ ይወጣል። ቀዳዳ ያለው አዲስ መስታወት ማዘዝ ነው ያለው።

ጎረቤታቸው ደግሞ ከጋራዥ ወደ ቤት በሚያስገባው በር ላይ ልቁረጥ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አትቁረጪ አልኳት። ያ በር ጋራዥ ውስጥ የሚነሳን እሳት ለተወሰነ ጊዜ እንዲያግድ ተብሎ ነው የተሠራው። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ደንብ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ድፍን እንጨት ወይም የብረት በር፣ አለዚያም 20 ደቂቃ እሳት የሚቋቋም በር ይጠይቃል። ቀዳዳ ስትከፍቺበት ሁሉም ነገር ቀረ። የመኪናው ጭስም ይገባል።

በመጨረሻ የቀረን ቀላሉ ነው። በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ የአሉሚኒየም ዋሻ፣ ከውስጥና ከውጭ ሁለት መጋረጃ፣ ከውስጥ በሐዲድ ላይ የሚወርድ ላሜራ። ባትሪ የለውም። የሚበላሽ ነገር የለውም። የሚቆለፈው በሰው እጅ ነው። ድክመቱም ይኸው ነው፤ ሰው ከረሳ ክፍት ነው። እህቴ «ማን ነው የማይረሳው?» አለች። እማዬ «እኔ» አለች።

ቦታው

የእህቴ ቤት እዚህ አካባቢ ሰው ራምብለር የሚለው ነው። ፎቅ የሌለው፣ ጡብ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራ። የዚህ ዘመን ቤቶች ብዙዎቹ ግድግዳቸው ከውጭ ጡብ፣ ከኋላው ብሎኬት ነው። እሱን መቁረጥ ይቻላል። ነገር ግን ከቀዳዳው በላይ ጡቡን የሚሸከም ብረት ያስፈልጋል፣ አቧራው ቤቱን ይሞላል፣ ዋጋውም ይንራል። ደግነቱ ከኩሽናው በስተጀርባ በኋላ የተጨመረ የተዘጋ በረንዳ አለ። እሱ የእንጨት ግድግዳ ነው። የልብስ ማጠቢያው እዚያ ነው ያለው። ማሞቂያም ገብቶለታል። በረንዳው የራሱ የውጭ በር አለው፤ ቦቢ ግቢ እንዲወጣ ሲባል ግን ያን ጊዜ ሳይዘጋ ያድር ነበር። በረንዳውንና ኩሽናውን የሚለየው ደግሞ ያ የተቆረጠው የኩሽና በር ነው።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ሁሉ የተፈታው። የውሻውን በር ከኩሽናው ወደ በረንዳው ግድግዳ አዛወርነው። የኩሽናውን በር አውጥተን በአዲስ ድፍን በር ቀየርነው። አሁን አንድ ሰው በውሻው በር ቢገባ የሚያገኘው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ከዚያ በኋላ የተቆለፈ ጠንካራ በር፣ ከጀርባው ደግሞ ቦቢ። ሁሉም ከቤት ሲወጣ ቦቢ በረንዳው ላይ ይቆያል፤ አልጋውም ውኃውም እዚያ ነው። ግቢም መውጣት ይችላል። ቤቱ ግን ተቆልፏል።

አሮጌውን በር ለምን ቀዳዳውን ብቻ አልደፈንከውም የሚል ይኖራል። ልደፍነው እችል ነበር። የተደፈነ ቀዳዳ ግን በአንድ እርግጫ ይወጣል። በሩ ራሱ ጌጥ ያለው፣ መሐሉ ስስ የሆነ እንጨት ነበር። ቀለሙም አሮጌ ነው። አሜሪካ ውስጥ የቤት ቀለም ላይ እርሳስ (ሊድ) የሚባለው መርዛማ ብረት የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባን እንጨት ቤት ውስጥ በመጋዝ መቁረጥና መፋቅ ለልጅም ለሽማግሌም መርዝ ሊሆን ይችላል። አውጥቼ ጣልኩት።

በረንዳው ግድግዳ ላይ ቦታ ስመርጥ ሁለት ነገር ተመለከትኩ። ከበረንዳው የውጭ በር መቆለፊያ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ እንዲርቅ። የማንም ክንድ እዚያ አይደርስም። ሁለተኛ፣ የጎረቤታቸው የኩሽና መስኮት በሚያየው በኩል እንዲሆን። እህቴ ይህን አልወደደችውም። ከቁጥቋጦው ጀርባ ቢሆን ሳይታይ ያምራል ባይ ነበረች። እኔ ግን ሌባም እንዳይታይ ነው የሚፈልገው አልኳት። የሚንበረከክ ሰው ሊደበቅበት የማይችልበት ቦታ ነው የመረጥነው። ከላዩ እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራ መብራት ሰቀልን።

የቆረጥን ቀን

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው የጀመርነው። እዚህ አገር የእንጨት ግድግዳ ውስጥ ያሉት ቋሚ እንጨቶች ብዙ ጊዜ ከመሐል እስከ መሐል 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በመካከላቸው 37 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይኖራል። የእኛ በር ከነፍሬሙ እዚያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቋሚ እንጨት መቁረጥ አላስፈለገም። በር ወርዱ ከዚያ ከሰፋ ግን ቋሚው ተቆርጦ ከላይ አግዳሚ ተሸካሚ መግባት አለበት። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ከውስጥ በእጅ መጋዝ ትንሽ መስኮት ከፈትኩ። በኤሌክትሪክ መጋዝ አልጀመርኩም። ደግ አደረግኩ። ወለሉን ጠጋ ብሎ፣ ልክ ልቆርጥበት ባሰብኩት ቦታ፣ ቢጫ የመብራት ገመድ ተሻግሯል። ወደ ማጠቢያው ሶኬት የሚሄድ ነው። የሶኬት ገመድ ብዙ ጊዜ በውሻ በር ከፍታ ላይ ነው የሚያልፈው። ቀዳዳዋን ደፍኜ ወደ ቀጣዩ ክፍተት ተሻገርኩ። እዚያ ከፋይበር ሱፍ በቀር ምንም የለም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። አራት ጥግ በድሪል ከውስጥ ወደ ውጭ በሳሁ፣ ከውጭ አገናኝቼ ቆረጥኩ፣ ዙሪያውን በእንጨት አቀፍኩ። የዋሻውን ወለል በጥቂቱ ወደ ውጭ አዘነበልኩት፤ ዝናብ ሲገባ ተመልሶ እንዲወጣ። ከላይ ውኃ የሚመልስ ላሜራ፣ ዙሪያውን ሲሊኮን። ብሎኖቹ በሙሉ ከውስጥ ነው የሚታሰሩት። ከውጭ የሚታይ ጭንቅላት የለም። የሚወርደው ላሜራ ሐዲድም ከቋሚው እንጨት ጋር በረጅም ብሎን ተያዘ፣ ከግድግዳው ልጣፍ ጋር ብቻ አይደለም። ላሜራው ሲወርድ ከላይ የሚያልፍ ቀጭን መቀርቀሪያ አለው።

ላሜራው ላይ የማንቂያ ደወሉን ትንሽ ማግኔት አጣበቅንበት። እንደ ማንኛውም መስኮት ይቆጠራል። ላሜራው ካልወረደ ደወሉን ማታ ለማብራት ስትሞክሩ ሰሌዳው ይናገራል። እህቴ ሥራ ቦታ ሆና በስልኳ ታየዋለች። ቤት ውስጥ ያለውን የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያም ቀየርነው። አሮጌው እስከ 18 ኪሎ ያለ እንስሳ ብቻ ነው የሚታገሠው። ቦቢ ባለፈ ቁጥር ይጮህ ስለነበር አጥፍተውት ነበር። ብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ነው፤ ውሻው ያስጮኸዋል፣ ሰው ያጠፋዋል፣ ከዚያ ተረስቶ ይቀራል። አዲሱ እስከ 36 ኪሎ ይታገሣል። ሆኖም ውሻው ሶፋ ላይ ከወጣ ይጮሃል፤ ስለዚህ ሶፋውን እንዳያይ አዞርነው።

ወጪውን ለምትጠይቁ፦ የውሻው በር ከላሜራው ጋር 450 ዶላር ገደማ፣ አዲሱ የኩሽና በር ደግሞ 600 ገደማ ነው የወጣው። ጉልበቱ የእኔ ነው። የመጀመሪያው በር 120 ዶላር ነበር።

ቦቢና እማዬ

ቦቢ አዲሱን በር ፈራው። ሁለት መጋረጃ አይቶ አያውቅም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሁለቱንም መጋረጃዎች ወደ ላይ በፕላስተር አሰርናቸው፤ ባዶ ቀዳዳ ብቻ ሆነለት። ከዚያ የውስጡን አወረድን። ከሦስት ቀን በኋላ የውጭውን። ልጁ ከውጭ ሥጋ ይዞ ይጠራዋል፣ እማዬ ከውስጥ «ሂድ የኔ አንበሳ» ትለዋለች። በዘጠነኛው ቀን ማንም ሳይጠራው ወጥቶ ተመለሰ። ሳህኑ አሁን የውሻው በር አጠገብ አይቀመጥም። ኩሽና ውስጥ ይበላል፣ ሲጨርስ ይነሳል።

ስለ እማዬ አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ስትመጣ ውሻ ቤት ውስጥ መኖሩን አልተቀበለችውም ነበር። አገር ቤት ውሻ ግቢ ነው። የውሻ በር ማለት ከአጥሩ ሥር ያለች ቀዳዳ ናት። እኛ ቤት ሰፈር ውስጥ ነበረች፣ ከቆርቆሮው ሥር። ማታ ማታ አባባ ትልቅ ድንጋይ ያስጠጋባታል። ጠዋት ድንጋዩ ይነሳል። ላሜራውን ሳሳያት «ድንጋዩ ማለት ነው» አለችኝ። አዎ፣ ድንጋዩ ማለት ነው።

አሁን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጸሎቷን ስትጨርስ ወደ በረንዳው ትሄዳለች። ቦቢ ለመጨረሻ ጊዜ ወጥቶ ይገባል። ላሜራውን ታወርዳለች፣ መቀርቀሪያውን ትገፋለች። ከዚያ በመዳፏ አንዴ ገፋ አድርጋ ትሞክረዋለች። የኩሽናውን በር ቆልፋ ትተኛለች።

ጥር ውስጥ በረዶ የጣለ ቀን ጠዋት ደወለችልኝ። ድምፅዋ አልተረበሸም። ቡና እያፈላች ነበር፤ የሲኒው ድምፅ ይሰማኛል።

«መጥቶ ነበር» አለችኝ።

«ማን?»

«ያ ባለ እጁ። በረዶው ላይ ዱካው አለ። በሩ ሥር ዞሯል፣ መጋረጃውን በጭቃ እጁ ነካክቶታል። ከዚያ በአጥሩ በኩል ሄዷል።»

«ቦቢስ?»

«ተኝቷል። አልሰማም እንኳ።»